ቺንጋ የተበጠሰበት ክረምት

ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሠርግ ወልድያ ሄጄ፣ በማግስቱ ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከተማውን ወጣ እንዳልን የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ተሳፋሪው መስኮት መክፈት ጀመረ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና ወዲያው ቀና ብሎ «ምንም አይደለም፣ ቺንጋ ነው» አለን። ሰው ሁሉ ተረጋጋ። እኔ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ። ረዳቱ «እትዬ፣ አሁን ይቀየራል እኮ፣ የት ሊሄዱ ነው?» ቢለኝ መልስ አልሰጠሁትም። በመንገድ ዳር ለማላውቀው ሰው የቤቴን ጉድ የማስረዳ ዓይነት ሴት አይደለሁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሌላ መኪና ስጠብቅ ሽታው ከልብሴ አልለቅ አለ፤ ያን ክረምት ከነጭቃው አመጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው መርሳ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባዬ በላይ በውትድርና ዘመኑ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከተበተነው ጦር ጋር ወደ አገሩ ሲመለስ ከመንጃ ፈቃዱ በቀር ይዞት የመጣው ነገር የለም። ኋላ ከወንድሙ ጋር ሆኖ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛ። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል፤ እኔ የማውቃት ግን አቧራ መልክ ሆና ነው። በመርሳና በግራና መካከል ሰው፣ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፍየል፣ የማሽላ ጆንያ፣ አንዳንዴም በሽተኛ ትጭናለች። አባዬ መኪናዋን «እሷ» እያለ ነበር የሚጠራት። ይህ እማዬን ያስቃት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት «ትርንጎ፣ እሷ እንዴት አደረች ብለሽ አባትሽን ጠይቂልኝ» ትለኛለች፣ እሱ እዚያው አጠገቧ ቆሞ እየሰማ።

አባዬ ሞተር ሳያይ አይነሳም። የጦር ቤት ልማድ ነው። ገና ሲነጋጋ፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ዘይት ይለካል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ወደ ቺንጋው ይመጣል። ቺንጋ ማለት ፋኑን፣ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን አንድ ላይ የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ይቀቀላል። የእጅ ባትሪ የምታበራለት እማዬ ነበረች። እሱ ቺንጋውን መሀሉ ላይ በአውራ ጣቱ ጫን ይለዋል፤ ብዙ ከገባ ላልቷል፣ አልገባ ካለ ከሯል። ቀጥሎ ጠምዘዝ አድርጎ የውስጡን ፊት ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል፣ ምክንያቱም ጎማው የሚሰነጠቀው በውስጥ በኩል ነው። እማዬ ብርሃኑን ከጣቱ ኋላ ኋላ ታስከትላለች። ሲያበቃ ሁልጊዜ «አየኸው?» ትለዋለች። እሱም «አይቼዋለሁ» ይላታል። ያን ጊዜ ባትሪዋን አጥፍታ ወደ ቤት ትገባለች። እኔ በራፉ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ይህን ጥያቄና መልስ እሰማለሁ፤ ካልተባለ መኪናዋ የማትነሳ ይመስለኝ ነበር።

ያን ክረምት እማዬ እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ ፅንስ አልፀና ብሏት ብዙ ጊዜ አልቅሳለች፤ አሁን ሆዷ ገፍቶ ሲታይ የሠፈሩ ሴቶች ውሃ እንኳ እንድትሸከም አይፈቅዱላትም። እሷ ግን ፍልሰታ ሳይገባ ግራና ወርዳ እናቷን ማየት ፈለገች። አያቴ ለአራስነቷ ቅቤ አንጥረው አስቀምጠውላታል፤ ቅቤው ሰበብ እንጂ የናፈቀቻቸው እሳቸውን ነበር። መውለጃዬ ገና ነው ትል ነበር። አባዬም እንደዚያው ያስብ ነበር።

የሄድነው በግራና ገበያ ቀን ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ግቢው ጨቅይቷል። ተሳፋሪው ከነጆንያው መኪናዋን ከቦ «በላይ፣ ኧረ ገበያው ሊበተን ነው» እያለ ይጨቀጭቃል። አባዬ ቺንጋውን ጠምዝዞ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አየው። እማዬ ብርሃኑን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ «አየኸው?» አለችው። «አይቼዋለሁ» አለ። ኮፈኑን ዘጋ፤ እሷም ባትሪዋን አጥፍታ ጋቢዋን ልትለብስ ገባች።

ግራና ደርሰን አያቴ ገና የእማዬን ፀጉር ቅቤ እየቀቡ ሳለ ምጡ ያዛት። መጀመሪያ ወገቤን ነው አለች። እየቆየ ሲበረታ የመንደሩ አዋላጅ ተጠሩ፤ ሆዷን ዳብሰው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጁ አቀማመጡ አላማረኝም። ሐኪም ቤት አድርሷት» አሉ። ሐኪም ቤት ማለት ወልድያ ነው። አባዬ የጫነውን የሰው ዕቃ እንዳለ ከመኪናው ላይ አራገፈ። እማዬና አያቴ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ሸራ ለብሼ ብረቱን ጨብጬ ያዝኩ።

ግራናን ትተን ብዙም ሳንርቅ ጅራፍ የጮኸ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ። አባዬ ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ቺንጋው ተበጥሶ ከመኪናዋ ሥር ጭቃ ላይ ወድቋል። መለዋወጫ አልያዘም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ወልድያ ካልሆነ አይገኝም። መንገዱ ላይ ከኋላም ከፊትም የሚመጣ መኪና የለም። አባዬ የተበጠሰውን ቺንጋ አንስቶ በእጁ ይዞት ቆመ። እማዬ ከውስጥ ታቃስታለች፤ አያቴ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ።

«የሺ፣ መቀነትሽን» አላት አባዬ በሩን ከፍቶ።

እማዬ መቀነቷን ሰው ፊት ስትፈታ አይቼ አላውቅም። የሳጥኑ ቁልፍ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነበር። ቁልፉን ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝና መቀነቱን ከወገቧ ላይ እየፈታች አወጣችው፤ ረጅም ነበር። አባዬ ውሃ አስነክቶ በፓምፑና በሞተሩ ፑሌጃ፣ ቺንጋው በሚዞርበት መዘውር ላይ ጠመጠመው፣ ጎትቶ ቋጠረው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ከቦይ በጣሳ እየቀዳ ራዲያተሩን ሞላ። መኪናዋ ሄደች። ጥቂት ሄዳ መቀነቱ ተቃጥሎ ተበጠሰ፤ የተረፈውን እንደገና ቋጠረው። እንዲህ እያለ፣ መቀነቱ በየጊዜው እያጠረ፣ የጥጥና የጎማ ጭስ እያፈነን መርሳ ስንደርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም። እዚያ ወደ ወልድያ የሚያልፍ ጭነት መኪና አስቁመው እማዬን አሳፈሯት፤ አባዬና አያቴም አብረዋት ሄዱ። እኔን ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ቁልፉ በመዳፌ ውስጥ ነበር።

ወንድ ልጅ ነበር። ሲወለድ አላለቀሰም።

ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ከሴቶቹ ሹክሹክታ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። አባዬና እማዬ ሲመለሱ ለለቅሶ ድንኳን አልተተከለም፣ ሰው ምንጣፍ ላይ አልተቀመጠም፣ ቄስም አልመጡም። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ለቅሶም አይወጣለትም። አባዬ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ቀብሮት መጣ፤ በቃ። እማዬ እሪ ብላ ልታለቅስ ስትል እትዬ ዘነቡ «ተይ የኔ እናት፣ ለእሱ አይለቀስም፣ ሌላ ይሰጥሻል» ብለው አፏን በእጃቸው ሸፈኑት። እማዬ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ስታለቅስ አላየኋትም።

ሴቶቹ ግን መጡ። ያው አራስ ናትና ገንፎ አገንፍተው፣ መሀሉን አጎድጉደው ቅቤ ሞልተው ያመጡላታል። ሁሉም ከበራፉ ሲገቡ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ገንፎው ቆዳ እስኪያወጣ እማዬ ፊት ይቀመጣል፤ በኋላ እኔ እበላዋለሁ፣ ይጣፍጠኝ ስለነበርም አፍር ነበር። ልብሷ ደረቷ ላይ ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ዕቃ ስታጥብ የሚረጭባት ይመስለኝና «እኔ ልጠብልሽ» እላታለሁ። ወተት መሆኑን ያወቅሁት ስንት ዘመን ቆይቶ ነው።

«ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል ግን አስጨነቀኝ። ምሕረት የሚደረገው ለበደለ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን «መሐረነ» እያልን የምንሰግደው በድለን ነው ተብያለሁ። እንግዲያው ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው የእማዬ በደል አለ። ምን ይሆን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ መቀነቱ መጣልኝ። ሴት ልጅ በመንገድ ላይ መቀነቷን መፍታቷ ይሆናል። ልጁም ሆዷ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠው በመቀነቱ ነበር፤ ሲፈታ ጊዜ አመለጣት። እትዬ ዘነቡን አንድ ቀን «እማዬን ማርያም ከምን ጥፋት ነው የማረቻት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከሞት ነዋ፣ ከሞት። ዝም በይ አንቺ፣ እሷ ፊት እንዲህ እንዳትዪ» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ከሞት የተረፈ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ እንደ እማዬ ግድግዳ አያይም።

ለአባዬ መናገር ተወች። ድሮ ለቀልድ በእኔ በኩል የምታደርገውን አሁን የምሯን አደረገችው። «አባትሽን ብላ በይው።» «አባትሽን ልብሱን ያውልቅና ይታጠብ በይው።» እሱ ይሰማል፤ እኔ ግን ደግሜ እነግረዋለሁ፣ ምክንያቱም ሳልደግመው አይነሳም። አያቴ ከግራና «ትምጣና እኔ ዘንድ ትታረስ» ብለው ላኩ። እማዬ ልብሷን በአንሶላ ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። አልሄደችም፤ ግን ጥቅሉንም አልፈታችውም። ከትምህርት ቤት ምዝገባ ስመለስ፣ ከወንዝ ስመለስ፣ ከእትዬ ዘነቡ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያን ጥቅል ነው። እዚያው ካለ እፎይ እላለሁ። ያን ወራት የፈራሁት ይህን ብቻ ነበር፤ እማዬ አንድ ቀን ግራና ሄዳ እንዳትቀር።

አባዬ ወልድያ ሄዶ አዲስ ቺንጋ ገዛ። አንድ አይደለም፤ ይዞ መጥቶ ግድግዳችን ላይ ምስማር መትቶ ደረደራቸው። ቤቱ ጎማ ጎማ ሸተተ። እማዬ ከአልጋዋ ፊት ለፊት እነሱን እያየች ትውላለች። አንዱን አስገብቶ ሳምንት ሳይሞላው አውልቆ ሌላ ያስገባል። የሚሠራው መንገድ ዳር ካለችው ግራር ሥር፣ መካኒኩ ጋሽ አሰፋ ዘንድ ነበር። የዲናሞውን ቡሎን ያላላል፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ቺንጋው ሲላላ በፋኑ ክንፎች ላይ አንድ በአንድ አሳልፎ ያወጣዋል። አዲሱን በዚያው መንገድ አግብቶ ዲናሞውን በብረት ፈልቅቆ ይወጥረዋል፣ ቡሎኑን ያጠብቃል፣ በአውራ ጣቱ ይሞክራል። ሞተሩን አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ይሞክራል።

ጋሽ አሰፋ አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው «በላይ፣ ይሄ እኮ ገና አዲስ ነው። ምን ሆነ ብለህ ነው የምታወልቀው?» አሉት።

አባዬ ከመኪናዋ ወንበር ሥር ያን የተበጠሰውን ቺንጋ አውጥቶ ሰጣቸው። ጭቃው ደርቆበታል። ጋሽ አሰፋ ገልብጠው በጥፍራቸው ቧጨሩት። «ይሄ የአንድ ቀን ስንጥቅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «በዓይን የሚታይ ነው። አላየኸውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ» አለ አባዬ።

እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ያን ጠዋት ለእማዬ የሰጣትን መልስ ነው የደገመው፣ በዚያው ድምፅ። እሷ ደህና ነው ያላት መስሏታል። እሱ ግን ስንጥቁን አይቶ ነበር፤ ሰው ጆንያ ይዞ ይጠብቀዋል፣ ዛሬን ይችላል ብሎ ዘጋው። ውሸት አልተናገረም፤ እውነትም አልነገራት። ይህን እማዬ የሰማች ቀን ያ ጥቅል ከበሩ እንደሚነሳ ገባኝ። ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጁን አጥብቄ ያዝኩት፤ እንዳይናገር የያዝኩት ይመስል።

ጠዋት ባትሪ የምይዝለት እኔ ሆንኩ። እማዬ ከአልጋዋ አትነሳም። ብርሃኑ ካውራ ጣቱ ካፈነገጠ «ወዲህ» ይለኛል፤ ስለዚህ ዓይኔን ከቺንጋው አላነሳም። እሱ የሚያየውን ሁሉ አያለሁ፤ የጎማውን ጥርስ፣ የፋብሪካውን ነጭ ጽሑፍ፣ አዲስ ቺንጋ ጠርዙ ላይ የሚተወውን ጥቁር ብናኝ። ሲያበቃ ኮፈኑን ሳይዘጋ ቆሞ ይቀራል። የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። አንድ ጠዋት አሳዝኖኝ «አየኸው?» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄደ፤ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ዳግመኛ አልጠየቅሁትም።

አርባው ቀን አለፈ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳበት ቀን ነው። እማዬ ያን ዕለት ተነስታ ፀጉሯን ታጠበች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ተመልሳ ተኛች። መስቀልም ሆነ። ትምህርት ተጀመረ። አባዬ መኪናዋን ልሸጣት ነው ማለት ጀመረ፤ በእኔ በኩል ለእማዬ አስነገራት። «የወደደውን ያድርግ በይው» አለች።

ገዢው ከወልድያ የመጣ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ በሮቹን ከፍቶ ዘጋ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «መቼስ ሽማግሌ ናት፣ ግን ደህና ይዘሃታል» አለ እየሳቀ። ኮፈኑን አስከፈተ። «ፍሬኑ?» ሲለው አባዬ መለሰ። «ዘይት ትበላለች?» ሲለውም መለሰ። «ቺንጋውስ? አይተኸዋል?»

አባዬ ዓይኑን ከሞተሩ ላይ አነሳ።

«አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ፣ በላይ?»

አባዬ እንደቆመ ቁልቁል መሬቱ ላይ፣ ከጎማው ሥር ተቀመጠ። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፣ መኪናዋን አየ። «አሞታል መሰለኝ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ እየዞረ እያየ ወጣ። ያን ጊዜ እማዬ በራፉ ላይ እንደቆመች አየኋት። ነጠላዋን እንኳ አልለበሰችም።

«የሺ» አላት አባዬ ከመሬቱ ላይ። ከዚያ ክረምት ወዲህ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ያን ዕለት አይቼዋለሁ ያልኩሽ ስንጥቁን ነው። ተሰንጥቆ አይቼ ነው የዘጋሁት።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቅሉ ሲነሳ ማየት አልፈለግሁም። የሰማሁት ግን የእግሯን ኮቴ ነው፤ ወደ ጥቅሉ ሳይሆን ወደ እሱ።

«ባትሪውን ማን ነበር የያዘልህ?» አለችው።

አባዬ ቀና ብሎ አያት።

«እኔም አይቼው ነበር። ብርሃኑ እሱ ላይ እኮ ነበር። እዚህ ጋ አፉን ከፍቶ ነበር» ብላ በጣቷ አየሩ ላይ አሳየችው። «ከተናገርኩ መንገዱ ይቀራል፣ እናቴን ሳላይ ፆሙ ይገባል ብዬ ዝም አልኩ። አየኸው ያልኩህ አንተ እንድትለው ነው። አይቼዋለሁ ስትለኝ ደስ አለኝ፣ በላይ። ደስ ብሎኝ ነው ባትሪውን ያጠፋሁት። ሰው ሁሉ ማርያም ማረችሽ ይለኛል። ማን ነግሯቸው ነው?»

ከዚያ አጠገቡ ወደቀች። እሪ ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባዬም ጮኸ፤ ወንድ ልጅ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ከአንድ ግቢ ከተሰማ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እትዬ ዘነቡ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ቀድመው ደረሱ፤ ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች አጥሩን ሞሉት።

«ማን ሞተ?» አሉ እትዬ ዘነቡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «የሺ፣ ማን ሞተ?»

«ልጄ» አለች እማዬ።

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ቆሜያለሁ። መልሰው እማዬን አዩ። ከዚያ ሊጡን በቀሚሳቸው ጠርገው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ።